አማኝነት ያለ ታማኝነት፤ ሃይማኖትና ሥነ ምግባር በፈተና አዳራሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ የሚነገረው ቍጥር ብዙዎችን አስደንግጧል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ።

ይህ ውጤት በአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጦርነትና መፈናቀል፣ በወረርሽኙ ጊዜ የትምህርት ቤቶች መዘጋት፣ የመምህራን ኑሮ መክበድ፣ የመጻሕፍት እጥረት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከወደቁት መካከል ኮርጀው የማያውቁ፣ አቅማቸው የፈቀደውን ያህል የደከሙ እጅግ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የተወሰደበት ዋና ምክንያት የማይካድ ነው፤ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ሥር ሰድዶ ነበር። መንግሥት ተፈታኙን ከወላጁ፣ ከመምህሩና ከሚያውቀው አዳራሽ ለይቶ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ካላስቀመጠው በቀር እውነተኛ ውጤት አገኛለሁ ብሎ አላመነም።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቆም ብላ ልትመረምረው የሚገባ ጥያቄ ይነሣል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ከሀገራችን ሕዝብ ከመቶ 43.5 የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ፣ ከመቶ 33.9 የሚሆነው ሙስሊም፣ ከመቶ 18 በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ሆኖ ተመዝግቧል። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው በመካከላችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲያስ መልስ ያቀበለውም የተቀበለውም፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ፈታኝም፣ ገንዘብ ከፍሎ መልስ ያስገዛው ወላጅም ከሞላ ጐደል ሁሉም አማኝ ነበር ማለት ነው። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «አምላኬ ሆይ አሳልፈኝ» ብሎ የተሳለው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛው ወረቀት ሲገለብጥ ውሏል። ሃይማኖት የሥነ ምግባር ምንጭ ከሆነ በአማኞች ሀገር ይህ ለምን ሆነ?

ሁለቱ ጫፎች

ለዚህ ጥያቄ በዘመናችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንደኛው ወገን «ሃይማኖት የሌለው ሰው ሥነ ምግባር ሊኖረው አይችልም፤ የእነዚህ ሰዎች ችግር እምነታቸው የስም ብቻ መሆኑ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ በተለይም በከተማ ባሉ ወጣቶች ዘንድ እየተሰማ የመጣው፣ «ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ እንዲያውም ሃይማኖተኛ ያልሆኑት ሕዝቦች ከእኛ ይልቅ እውነተኞች ናቸው» የሚል ነው።

ሁለተኛው ወገን በባዶ ሜዳ አይናገርም። ፒው የተሰኘው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ34 ሀገሮች ያደረገውን መጠይቅ ውጤት በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ነበር። ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንዲኖረው በእግዚአብሔር ማመን አስፈላጊ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ በኬንያ ከመቶ 95፣ በናይጄርያ ከመቶ 93 የሚሆኑት «አዎን» ሲሉ በስዊድን እንዲህ ያሉት ከመቶ 9 ብቻ ናቸው። ሀገራችን በዚያ መጠይቅ አልተካተተችም፤ ብትካተት ግን መልሳችን ከጎረቤታችን ከኬንያ ይርቃል ብሎ የሚገምት የለም። ከዚህ አጠገብ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ሀገሮችን በመንግሥት ተቋማት ንጽሕና የሚመዝንበትን የ2023 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ እናስቀምጥ። ከ100 ነጥብ ስዊድን 82፣ ኬንያ 31፣ ናይጄርያ 25፣ ሀገራችን ኢትዮጵያ 37 አግኝተዋል።

እነዚህን ቍጥሮች አይቶ መቈጣት ወይም «የምዕራባውያን ሴራ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለእውነት የቆመ ክርስቲያን ግን ሊሸሻቸው አይገባም። ደግሞም ከሚሉት በላይ እንዲናገሩ ማስገደድ አይገባም። ሰንጠረዡ የሚለካው በመንግሥት ሥራ ውስጥ አለ ተብሎ የሚታሰበውን ሙስና ነው። አረጋዊ ወላጅን መጦርን፣ እንግዳ መቀበልን፣ የታመመ ጎረቤትን ማስታመምን፣ በትዳር መጽናትን አይለካም። ሀብት፣ ጠንካራ ፍርድ ቤት፣ በቂ ደመወዝና ለረጅም ዘመን የጸና የሕግ ሥርዓት ባለበት ሀገር ጉቦ ለመቀበል የሚገፋው ችግርም የሚያመቸው ቀዳዳም ያነሰ ነው። ስዊድን ራሷ ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስትና ትምህርት ያረሰው መሬት ናት። ይህ ሁሉ ተብሎ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ «አምናለሁ» ማለት ብቻውን የሰውን እጅ ከሐሰት እንደማይከለክል ቍጥሮቹ ይመሰክራሉ። ይህን ደግሞ ከእነርሱ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ነግሮን ነበር።

አብርሃም በጌራራ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ይመስላል። አበ ብዙኃን አብርሃም ወደ ጌራራ በእንግድነት በሄደ ጊዜ የሀገሩን ሰዎች ፈራ። በልቡም በዚህ ስፍራ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለምና በሚስቴ ምክንያት ይገድሉኛል ብሎ አሰበ፤ ስለዚህም ሣራን እኅቴ ናት አለ። እርግጥ ነው፣ ሣራ በአባቱ በኩል እኅቱ ነበረች፤ ነገር ግን ሚስቱ መሆኗን ሰውሯል። የጌራራው ንጉሥ አቤሜሌክም ሳያውቅ ወሰዳት። እግዚአብሔር በሕልም ሲገሥጸው ንጉሡ በቅን ልቡና እንዳደረገው ተናገረ፤ እግዚአብሔርም ቅንነቱን እንደሚያውቅና ከኃጢአት የጠበቀው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ መለሰለት። ሲነጋ አቤሜሌክ ሣራን መለሰ፤ አብርሃምንም ለምን እንዲህ እንዳደረገበት በግልጥ ጠየቀው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለም ተብሎ የታሰበበት ሀገር ንጉሥ ቅን ሆኖ ተገኘ፤ የቃል ኪዳኑ ሰው ደግሞ ተጠያቂ ሆነ። ከእኛ ወገን ያልሆነ ሁሉ ሥነ ምግባር የለውም ብሎ መፍረድ አባታችን አብርሃምን እንኳ ያሳሳተ ግምት ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። እግዚአብሔር አቤሜሌክን የላከው ወደ አብርሃም ነው፤ አብርሃም ጸለየለት፤ ቤቱም ተፈወሰ። ቅን የሆነው ንጉሥ ለፈውሱ የአማኙ ጸሎት አስፈለገው። የአቤሜሌክ ቅንነት እውነተኛ ነው፤ የሚጠብቀውና የሚፈውሰው ግን እግዚአብሔር ነው።

ሕገ ልቡና

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን ልጅ የሕግ ታሪክ በሦስት ይከፍሉታል፤ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪትና ሕገ ወንጌል። ከአዳም እስከ ሙሴ የነበሩት ሰዎች በጽላት የተጻፈ ሕግ አልነበራቸውም። ቃየን «አትግደል» የሚል ትእዛዝ በጽሑፍ ሳይሰጠው የወንድሙን ደም ማፍሰሱ በደል መሆኑን ያውቅ ነበር። ዮሴፍ «አታመንዝር» የሚለው ቃል በደብረ ሲና ከመሰማቱ በፊት ከጲጥፋራ ሚስት ሸሸ። በግብፅ የነበሩት አዋላጆች የንጉሡን ትእዛዝ ጥሰው የዕብራውያንን ሕፃናት ያተረፉት ኦሪት ሳትጻፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ከባሕርያቸው የሕግን ሥራ ሲሠሩ ሕጉ በልባቸው የተጻፈ መሆኑን እንደሚያሳዩ፣ ኅሊናቸውም እንደሚመሰክርላቸው አስተምሯል (ሮሜ 2፥14-15)።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጫፍ መልስ በራሳችን ትምህርት ይፈርሳል። የሰው ልጅ ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯልና የማያምን ሰው መልካም ሲሠራ ብናገኝ ልንደነግጥ አይገባም። ልንደነቅ የሚገባው ፈጣሪው በልቡ የጻፈው ጽሑፍ እስካሁን አለመጥፋቱን አይተን ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ጫፍም በዚሁ ይፈርሳል። የማያምነው ሰው መልካም መሥራቱ መልካምነት ያለ እግዚአብሔር እንደሚገኝ አያሳይም። በካርቱም የሚኖር ሰው ግሽ ዓባይ የሚባል ምንጭ በሰከላ እንዳለ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ይሁንና በዓባይ ውኃ ጥሙን ይቈርጣል። ምንጩን አለማወቁ ውኃውን መራራ አያደርግበትም፤ ምንጩን አለማወቁ ግን ምንጭ የለም ለማለት ማስረጃ አይሆነውም።

እምነት የሚጨምረው ምንድን ነው?

ያላመነ ሰው መልካም ሊሠራ ከቻለ ሃይማኖት ምን ይጨምራል? የሚል ሊኖር ይችላል። ቢያንስ ሦስት ነገር ይጨምራል።

አንደኛው ሰው የማያይበትን ስፍራ የሚያይ አምላክን ማወቅ ነው። ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት ጋር ብቻውን ነበረ፤ የሚያየው ሰው አልነበረም። የከለከለው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እበድላለሁ የሚለው አሳብ ነው (ዘፍ 39፥9)። ፈታኝ፣ ፖሊስና ካሜራ ባሉበት አለመኮረጅ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ወጥተው በር ሲዘጋ አለመኮረጅ ግን ምግባር ነው።

ሁለተኛው የልክ ነገር ነው። ኅሊና ባልንጀራህን አትጉዳ ይላል፤ ወንጌል ጠላትህን ውደድ ይላል (ማቴ 5፥44)። ሕገ ልቡና ወሰኑን ያሳያል፤ ሕገ ወንጌል ወሰኑን አልፎ መስቀል መሸከምን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ንስሓ ነው። ያጠፋ ሰው ኅሊናው ሊወቅሰው ይችላል፤ ይቅር ሊለው ግን አይችልም። ዘኬዎስ ከጌታ ጋር በቤቱ በተገናኘ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃ 19፥8)። በድሮ ስሕተቱ ያልታሰረ፣ ካሣውንም ያልሸሸ ሰው የሚገኘው በንስሓ ነው። መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስም ሳይጠመቅ በፊት ጸሎቱና ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ፊት ታስቦለት ነበር (ሐዋ 10)። መልአኩ ግን «መልካም ሰው ነህና ይበቃሃል» አላለውም፤ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ነገረው። በጎነቱ አልተናቀም፤ ወደ ጥምቀት አደረሰው እንጂ።

ታዲያ አማኙ ለምን ወደቀ?

ሃይማኖት የሚለው ቃል የተገኘው ሃይመነ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ አመነ፣ ታመነ ማለት ነው። ምግባር ደግሞ ገብረ፣ ሠራ ከሚለው ይወጣል። በአማርኛችንም አማኝና ታማኝ የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። አባቶቻችን ሃይማኖትንና ምግባርን ሳይነጣጥሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ለዚህ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን፣ አጋንንትም ቢሆኑ እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ ጽፏል (ያዕ 2)። የእኛ ዘመን ችግር አማኙን ከታማኙ መለየታችን ነው።

ይህን የለየነው እኛው ነን፤ የምናስተምረውም ጭምር። በዐውደ ምሕረት ስለ ጾም ቀናት ደጋግመን አስተምረናል፤ ስለ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ፣ ስለ ጉቦና ስለ ኩረጃ ያስተማርንባቸው ቀናት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በዓርብ ወተት የቀመሰ ምእመን ወደ ንስሓ አባቱ ይሮጣል፤ የሰው መልስ ገልብጦ ዩኒቨርሲቲ የገባው ግን ኃጢአት መሥራቱን እንኳ ላያስብ ይችላል። ጾሙ ትልቅ ነው፤ መሻሩ ሊናቅ አይገባም። ጌታ በወንጌል ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የወቀሰው ግን ዐሥራት ስላወጡ አልነበረም፤ ያንን ሳይተዉ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ማድረግ ሲገባቸው በመተዋቸው ነው (ማቴ 23፥23)።

ስለትንም ወደ ንግድ ለውጠነዋል። «ካሳለፍከኝ ጃንጥላ አገባለሁ» የሚል ተሳላሚ እንዴት እንደሚያልፍ ካልተጠየቀ፣ የተሰረቀውን ነገር ከአምላክ ጋር ተካፋይ መሆን ይሆናል። ሌላው ደግሞ ፍቅር መስሎ የሚመጣው ኃጢአት ነው። የሰፈር ልጅ፣ ዘመድ፣ የአንድ ማኅበር ወንድም መልስ ሲጠይቅ መከልከል ጭካኔ ይመስለናል። ይሉኝታ ከእውነት በልጦ ይታዘዛል። በገበያም «ማርያምን!» እያለ ሚዛን የሚያጐድለው ነጋዴ የሚኖረው በዚሁ መንፈስ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ግን ሌላ ልማድ ነበር፤ ዛሬም አለ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ይህ አያሳፍረውም። በቅኔ ቤት ግን የሰው ቅኔ አይለምንም። ዕለት ዕለት የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት መንገር ይጠበቅበታል፤ የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ መምህሩም ባልንጀሮቹም ያውቁበታል። እንጀራ ማጣት ነውር ያልሆነበት፣ የሰው ዕውቀት መስረቅ ግን ነውር የሆነበት ትምህርት ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ነው።

ምን እናድርግ?

የትምህርት ሚኒስቴር ግብረ ገብን ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ መልሷል። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን ስለሚለይ፣ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ስለሚያዝ፣ ይህ ትምህርት የሃይማኖት ትምህርት ሊሆን አይችልም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች «ያለ እግዚአብሔር ስም የሚሰጥ ግብረ ገብ ከንቱ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አሳብ አንጋራም። ከላይ እንዳየነው እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ የጻፈው ሕግ አለ። አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ ደካማውን አትግፋ የሚለውን ኦርቶዶክሳዊው፣ ሙስሊሙ፣ ሌላውም በአንድ ክፍል ቁጭ ብለው መማር ይችላሉ። ትምህርት ቤት ሕገ ልቡናን ያንቃ፤ ሕገ ወንጌልን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። ድርሻችንን ለመንግሥት ትተን መንግሥትን መውቀስ አይገባንም።

ድርሻችንም የታወቀ ነው። የንስሓ አባቶች ወጣት ልጆቻቸውን ስለ ጾምና ጸሎት እንደሚጠይቁ ሁሉ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ሥራቸው እውነተኛነት ይጠይቁ። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ግቢ ጉባኤያት የፈተና ሰሞን የጸሎት መርሐ ግብር ብቻ ሳይሆን የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጁ፤ ያልተማረን ልጅ «አትኮርጅ» ማለት ብቻ ሸክም መጫን ነውና። ወላጆች ልጃቸው ሲወድቅ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያነጻጸሩ ማሳፈሩን ይተዉ፤ ብዙ ልጅ ወደ ኩረጃ የሚገባው ከፈተናው ይልቅ የቤቱን ፊት ፈርቶ ነው። ሰበካ ጉባኤያትም በራሳቸው ሒሳብና ቅጥር ምሳሌ ይሁኑ፤ በገንዘብና በዝምድና የሚቀጥር ደጅ ስለ ኩረጃ ሊያስተምር አይችልም።

በአንድ የፈተና ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤት ትምህርት ስንሰጥ አንዲት ተፈታኝ እንዲህ ስትል ጠይቃን ነበር፤ «መምህር፣ ሌሎቹ ሁሉ እየኮረጁ እኔ ብቻ ባልኮርጅ ቦታዬን ለእነርሱ መስጠቴ አይደለም ወይ?» በዚያ ሰዓት «እግዚአብሔር የታመኑትን አይጥልም» ብለን አለፍናት። መልሳችን ሐሰት አልነበረም፤ ግን ጐዶሎ ነበር። የጠየቀችው ስለ መጨረሻው ቀን ሳይሆን ስለ መጪው መስከረም ነበር፤ መስከረም ሲመጣ ደግሞ እውነተኛው ሊቀር፣ ሐሰተኛው ሊገባ ይችላል።

ዛሬ ብትጠይቀን እንዲህ እንላታለን። ልጃችን፣ ቦታሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ ይህን አንደብቅሽም። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ፊት በቆሙ ጊዜ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩ (ዳን 3፥17-18)። እምነታቸው የተፈተነው በዚያች «ባያድነንም» ላይ ነው። ትርፍ እስካመጣ ድረስ ብቻ የሚጠበቅ እውነት ንግድ ነው። ደግሞም ነገሩ የአንቺ ብቻ አይደለም። ነገ በሐሰት ውጤት ሐኪም የሚሆነው ሰው የሚያክመው የአንድ እናት ልጅ ነው፤ በሐሰት መሐንዲስ የሚሆነው የሚሠራው ድልድይ ሰው ይሄድበታል። አንቺ ባለመኮረጅሽ የማታውቂውን ባልንጀራሽን ወድደሻል። ብትወድቂ ግን ብቻሽን አንተውሽም፤ አብረንሽ እናጠናለን፤ ለሚቀጥለው ዓመትም እናዘጋጅሻለን። ይህን የመጨረሻውን ቃል ካልፈጸምን የቀረው ስብከታችን ሁሉ ባዶ ነው።

ሥነ ምግባር በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ ነውን? ሥሩ በእግዚአብሔር ነውና አዎን፤ የሚገኘው ግን በአማኞች መካከል ብቻ አይደለም። የማያምነው ሰው ታማኝ ሆኖ ሲገኝ ፈጣሪውን ሳያውቀው ያከብራል። አማኙ ታማኝ ሳይሆን ሲቀር ግን የሚያውቀውን አምላኩን ያሰድባል፤ ለዚያች ልጅ ዓይነቶቹም መሰናክል ይሆናል። አቤሜሌክ አብርሃምን እንደ ጠየቀው በዙሪያችን ያሉ ሁሉ «ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ብለው ሊጠይቁን መብት አላቸው። መልሳችን ንስሓና የታረመ ሕይወት ይሁን።

አምላካችን እግዚአብሔር አማኞች ብቻ ሳንሆን ታማኞችም እንድንሆን ይርዳን፤ የአባታችን የአብርሃም አማላጅነት፣ የሠለስቱ ደቂቅ ጽናት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።